በአዲስ አበባ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ጉዞ፦ ስለ ሕዝብ ትራንስፖርትና ስለ እግረኛ መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት አረጋዊ ወላጅ ይዘው ሐኪም ቤት የሚመላለሱ ቤተሰቦችና አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ተደራሽነት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ዕድሜውና የአካሉ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን፣ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ወዳሰበበት ቦታ በደኅንነትና በክብር ደርሶ መመለስ ሲችል ያ ጉዞ ተደራሽ ነው ይባላል። «በክብር» የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ሁለተኛ ፎቅ ቢደርስ፣ ደረሰ እንጂ ቦታው ተደራሽ ሆነለት አይባልም፤ በማግሥቱ ጎረምሶቹ ከሌሉ ታች ይቀራልና።

ብዙ ሰው ተደራሽነትን በሕንፃ በር ላይ ከሚሠራ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ከሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ጉዞ ግን እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ክሩ በአንድ ቦታ ሲበጠስ ፍሬው ሁሉ ይበተናል። የሰፈሩ ኮብልስቶን፣ የዋናው መንገድ ጠርዝ፣ ፌርማታው፣ የአውቶቡሱ ደረጃ፣ መቀመጫው፣ መሻገሪያው፣ የመድረሻው ሕንፃ መግቢያና ሊፍቱ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። ሁሉም ተስተካክለው አንዱ ብቻ ቢጎድል እንኳ አንዲት አረጋዊት እናት የሚወስኑት አንድ ነገር ነው፤ ከቤት አለመውጣት።

ጉዳዩ የሚመለከተው ምን ያህል ሰው ነው?

ቁጥሩ እንደ አጠያየቁ ይለያያል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ 864 ሺህ ገደማ አካል ጉዳተኞችን መዝግቧል፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ባወጡት ስለ አካል ጉዳት የሚናገር ሪፖርት ላይ ግን ለኢትዮጵያ የሰፈረው አኃዝ 17.6 በመቶ ነው። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ ከኀፍረት የተነሣ ዝም ይላል፤ ወይም ቃሉ እግሩን ላጣ ወይም ዓይኑ ለጠፋ ሰው ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። «ለመራመድ፣ ለማየት፣ ለመስማት ምን ያህል ይቸገራሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደኅና ነኝ» የሚሉት አባትም ይቆጠራሉ።

በዚህ ላይ ችግሩ ጊዜያዊ የሆነባቸው አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ ወጣት፣ ሁሉም ከፍ ያለ ደረጃ ሲያዩ የሚሰማቸው ድካም አንድ ነው።

ለአረጋዊ ሰው ከሚኒባስ፣ ከአውቶቡስና በስልክ ከሚጠራ ታክሲ የትኛው ይሻላል?

ሚኒባስ ታክሲ በየሰፈሩ የሚደርስና ቶሎ ቶሎ የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቢሆንም፣ ጉልበታቸውን ወይም ወገባቸውን ለሚያማቸው ግን ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ ጎንበስ እንዳሉ በጠባብ ክፍተት ማለፍ፣ ከዚያም ሳይያዙ ዞሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ለአረጋዊ ክብር ሲል ጋቢናውን ይለቃል፤ ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጋቢናው መወጣጫ ከፍ ያለ በመሆኑ እግር በደንብ ካልተነሣ አይደረስበትም። ከተሳፋሪው በር አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ለመውረድም «ወራጅ አለ» የሚለውን አስቀድሞ መናገርና «መኪናው ሳይቆም አልነሣም» ብሎ ለረዳቱ በግልጽ ማስታወቅ ይገባል። እናቴ አንድ ጊዜ አንድ እግራቸው ገና መሬት ላይ ሳለ መኪናው ተንቀሳቅሶባቸው ወድቀዋል፤ የእጅ አንጓቸው ለመዳን ወራት ወስዶበታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሚኒባስ ብቻቸውን አይሳፈሩም። የተጎዳው አንጓቸው ድኗል፤ ድፍረታቸው ግን እስከ አሁን አልተመለሰም።

የከተማ አውቶቡስ፣ አንበሳም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ቀጥ ብሎ ለመቆምና ብረት ይዞ ለመራመድ ያመቻል፤ ብዙዎቹ ከፊት ያሉትን መቀመጫዎች ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአካል ጉዳተኞች ይለያሉ። ችግሩ የመግቢያው ደረጃ ቁመትና የሥራ ሰዓት ግፊያ ነው። ቀጠሮን ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መጓዝ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ በሚሰጥበት ጊዜ ይህንኑ ተናግሮ መጠየቅ ነውር የለበትም።

እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ስለሚያደርሱ ከሁሉም ይቀላሉ፤ ዋጋቸው ግን በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሊሆኑ አይችሉም ለማለት የሚያበቃ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለሚደረግ የሕክምና ክትትል ቤተሰቡ አዋጥቶ ቢከፍል፣ ከአንድ መውደቅ በኋላ ከሚወጣው የሕክምና ወጪ እጅግ ያነሰ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው በቀላል ባቡሩ መጠቀም ይችላል?

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። ባቡሩ ራሱ ሰፊ በር ያለውና አብዛኛው ወለሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ መሳፈሪያው መድረክ ላይ ለደረሰ ሰው በከተማው ካሉት መጓጓዣዎች ሁሉ ለዊልቸር የሚመቸው እርሱ ነው። ጥያቄው መድረኩ ላይ እንዴት ይደረሳል የሚለው ነው። በመሬት ደረጃ ያሉት ጣቢያዎች በመኪና መንገዱ መካከል የተሠሩ ስለሆኑ መጀመሪያ መንገዱን መሻገር ያስፈልጋል። እንደ ስታዲየም፣ ሜክሲኮና ልደታ ያሉት በድልድይ ላይ የተሠሩት ጣቢያዎች ደግሞ ረጅም ደረጃ አላቸው።

ከፍ ላሉት ጣቢያዎች ሊፍትና ኤስካሌተር ተሠርቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን ቆመው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መለዋወጫና ጥገናም ችግር ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ የምንማረው ሊፍት አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚተው ግንባታ ሳይሆን እንደ ውኃና እንደ መብራት በየቀኑ መቅረብ ያለበት አገልግሎት መሆኑን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን የምድር ባቡሩ የትኛው ጣቢያ ሊፍት እንደተበላሸ ለተጓዦች ያስታውቃል፤ ሊፍቱ የቆመበት ጣቢያ ላይ ለደረሰ አካል ጉዳተኛም ተለዋጭ ተሽከርካሪ ያዘጋጃል። ሊፍት እዚያም ይበላሻል፤ ተጓዡ ግን ሳይነገረው ደረጃ ሥር ቆሞ አይቀርም። ቢያንስ ለማስታወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሠራተኛ በመሆኑ፣ በእኛም ከተማ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ በዊልቸር የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት የመነሻውንም የመድረሻውንም ጣቢያ አስቀድሞ በሰው ቢያስጠይቅ፣ ከሁለቱ አንዱ ከፍ ያለ ከሆነም በመሬት ደረጃ ያለውን ቀጣዩን ጣቢያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ለተሽከርካሪ ወንበር ተጨማሪ ሒሳብ ክፈሉ ስንባል ምን እናድርግ?

የታክሲ ታሪፍ የሚተመነው በሰውና በርቀት ነው። ዊልቸርም ክራንችም የሰውየው እግር እንጂ ጭነት አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ጆንያ ሊከፈልበት አይገባም። ታጣፊው ዊልቸር ከኋላ ወንበር ጀርባ ወይም ከበሩ አጠገብ የሚገባ ከሆነ የሰው ቦታ አይይዝም። የሰው ቦታ የሚይዝ በሚሆንበት ጊዜ ረዳቱም የዕለት ገቢው የሚሰላበት ሰው ስለሆነ የሚያነሣው ቅሬታ ጭራሽ መሠረት የለውም ለማለት ያስቸግራል፤ ሆኖም ያንን ኪሳራ መሸፈን ያለበት የከተማው የትራንስፖርት ሥርዓት እንጂ ከሌላው ሰው ያነሰ ገቢ ያለው ተሳፋሪ አይደለም።

በተግባር፣ ከመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ከተራ አስከባሪው ጋር ተነጋግሮ መሳፈር በመንገድ መሐል ከመጨቃጨቅ ይሻላል። በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ መስመር የሚመላለስ ሰው ተራ አስከባሪዎቹ ስለሚለምዱት፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው መኪና መርጠው የሚያሳፍሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ራምፕ ምን ያህል ተዳፋት፣ የእግረኛ መንገድስ ምን ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል?

በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ 1 ለ12 ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የመንገድ ጠርዝ 1.8 ሜትር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የሕንፃ መግቢያ ደግሞ 7.2 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ መሠራት አለበት ማለት ነው። በየባንኩና በየሕንፃው በር ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ራምፖች ከዚህ በእጅጉ ያጠሩ በመሆናቸው፣ ዊልቸር ተጠቃሚው ብቻውን ሊወጣባቸው አይችልም፤ ሲወርድም ወደ ፊት ይደፋዋል። እንዲህ ያለው ራምፕ ለተቆጣጣሪ ዓይን የተሠራ እንጂ ለተጠቃሚው የተሠራ አይደለም። በለስላሳ ሴራሚክ ከተነጠፈ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከዘራ ለሚይዝ ሰው ከደረጃው የባሰ አደጋ ይሆናል።

ስፋትን በተመለከተ፣ አንድ ዊልቸር ሳይነካካ ለማለፍ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ዊልቸሮች ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ያህል ይፈልጋሉ። መለካት ያለበት ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የዛፉ ግንድና የቆመው ሞተር ብስክሌት ተቀንሰው የሚቀረው ነጻ ስፋት ነው። ሦስት ሜትር የሆነ የእግረኛ መንገድ በመካከሉ ምሰሶ ከተተከለበት በዚያ ቦታ ላይ በየወገኑ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው።

በአንዳንድ የእግረኛ መንገዶች ላይ ያሉት ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ንጣፎች ለምንድን ናቸው?

ለዓይነ ስውራንና የማየት ችግር ላለባቸው ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ረጃጅም መስመር ያላቸው ንጣፎች «በዚህ አቅጣጫ ቀጥል» ሲሉ፣ ክብ ክብ ጉጥ ያላቸው ደግሞ «ቁም፣ ከፊትህ መሻገሪያ ወይም ደረጃ አለ» ይላሉ፤ ሰውየው በነጭ በትሩና በጫማው ሥር ያነባቸዋል። ንጣፉን የፈጠረው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋውም ኦካያማ በተባለችው ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ነው። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሚሆነው ጥቂት የማየት ችሎታ የቀረላቸው ሰዎች እንዲለዩት ነው።

ንጣፉ እውነት ካልተናገረ እንደሌለ ይቆጠራል። መስመሩ ተከትለውት ሲሄዱ ምሰሶ ላይ የሚያደርስ፣ ወይም ክዳኑ የጠፋ ማንሆል አጠገብ የሚቋረጥ ከሆነ የተከተለውን ሰው ያሳስተዋል። በላዩ ላይ ዕቃ የሚዘረጉ፣ ሞተር የሚያቆሙና የሊስትሮ ሣጥን የሚያስቀምጡ ብዙዎቹ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው የሚያደርጉት፤ ሲነገራቸው የሚያነሡ ጥቂት አይደሉም።

ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ሲሻገር እንዴት መርዳት ይገባል?

መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቶ «ላግዝዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ «አይ» ካለም መተው ነው። ክንዱን ጨብጦ መጎተት ወይም በትሩን ይዞ መምራት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ በትሩ ዓይኑ ነውና። ትክክለኛው አካሄድ የራስን ክርን መስጠት ነው፤ እርሱ ክርንዎን ከበላይ ይዞ በግማሽ እርምጃ ከኋላ ሲከተል የሰውነትዎ እንቅስቃሴ መውጫና መውረጃውን ይነግረዋል። ጠርዝ ጋ ሲደርሱ «ደረጃ አለ፣ ወደ ላይ» ብሎ መናገር ይበቃል። ከተሻገሩ በኋላ «አሁን የእግረኛ መንገድ ላይ ነን፣ ፊትዎ ወደ ስታዲየም ነው» ሳይሉ ጥሎ መሄድ ግን ሰውየውን አቅጣጫ አሳጥቶ መሄድ ነው።

መስማት የተሳናቸው ተጓዦች ምን ችግር አለባቸው?

የሚኒባሱ አቅጣጫ የሚታወቀው በረዳቱ ጩኸት ስለሆነ፣ መስማት የተሳነው ሰው መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። የመስመሩ ስም በፊት መስታወት ላይ ጎልቶ ቢለጠፍ፣ በአውቶቡስ ውስጥም ቀጣዩ ፌርማታ በጽሑፍ ቢታይ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። ይኸው ጽሑፍ ለከተማው እንግዳ ለሆነም ሰው ይጠቅማል።

የኮሪደር ልማቱ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ምን ለውጥ አመጣ?

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመርና መቀመጫ አምጥቷል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግራቸው የሚሄዱ አረጋዊ ዛሬ መቀመጫ ያገኛሉ፤ መብራቱም ከምሽት ጸሎት ለሚመለሱ ሰዎች እፎይታ ነው። መቀመጫ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ልቡ ለሚደክመው ሰው ግን በየመቶ ሜትሩ የሚያርፍበት ነገር መኖሩ ጉዞውን የሚቻል ወይም የማይቻል ያደርገዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ እሑዶች መንገዶችን ለእግረኛ ብቻ የሚከፍተው «መንገድ ለሰው»ም ብዙዎች በተሽከርካሪ ወንበርና በከዘራ ያለ ፍርሃት የሚወጡበት ቀን ሆኖ አይቼዋለሁ።

ነገር ግን ዋናው ጎዳና ሲያምር ከጎኑ የሚገባው የሰፈር መንገድ እንዳለ የቀረባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ አረጋዊው ደግሞ የሚኖረው ጎዳናው ላይ ሳይሆን ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የተዛወሩ አረጋውያን ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ዕድሩና የሚያውቃቸው ባለሱቅ በእግር አምስት ደቂቃ የነበረባቸው ሰው፣ አዲሱ ቤታቸው የተሻለ ቢሆን እንኳ፣ አሁን ለእያንዳንዱ ነገር መኪና መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። ቅርበት ራሱ ተደራሽነት ነው፤ በየትኛውም ራምፕ አይተካም።

የእግረኛ ድልድይ ይሻላል ወይስ ዜብራ?

ለወጣት እግረኛ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግን በአስተማማኝ ሁኔታ የተሠራ ዜብራ በሁሉም መንገድ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቀላል ሒሳብ ነው። ድልድዩ ከመንገዱ 5 ሜትር ከፍ ይላል ብንል፣ እያንዳንዱ ደረጃ 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 30 የሚጠጋ ደረጃ ወጥቶ ያንኑ ያህል መውረድ ነው። በደረጃው ፋንታ ትክክለኛ ራምፕ ይሠራ ቢባል በእያንዳንዱ ወገን 60 ሜትር፣ በድምሩ 120 ሜትር ያስፈልጋል፤ ይህም 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር ነው። በቀለበት መንገዱ ላይ ሰዎች ድልድዩን ትተው የሲሚንቶውን አጥር ሲዘልሉ የምናየው ከግድየለሽነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ድልድዩ የተሠራው የእግረኛውን መንገድ ለማሳጠር ሳይሆን መኪናው እንዳይቆም መሆኑን እግራቸው ስለሚያውቅ ነው።

ዜብራውም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። የትራፊክ መብራት ሰዓት ሲሞላ በብዙ ቦታ እግረኛ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህ ስሌት 20 ሜትሩ 17 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። በሴኮንድ 0.8 ሜትር ለሚራመዱ አረጋዊ ግን 25 ሴኮንድ ያስፈልጋቸዋል፤ ስምንቱን ሴኮንድ የት ቆመው ያሳልፉ? ስለዚህ መብራቱ ለዝግተኛው ሰው መሞላት፣ ሰፊ መንገድ ከሆነም በመካከሉ ቆሞ ማረፊያ ደሴት ሊኖረው ይገባል። መብራት በሌለበት ቦታ የመሻገሪያውን ወለል ከፍ አድርጎ እንደ ፍጥነት ማብረጃ መሥራት መኪናውን ያዘገያል፤ ዊልቸሩንም ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ያለ ደረጃ ያሻግራል።

በክረምት ምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?

ከሁሉ በፊት ጎርፍ የሸፈነውን መንገድ በእግር አለመግባት ነው፤ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ከውኃው በታች አይታይም። የከዘራና የክራንች ጫፍ ጎማ ሲያልቅ ስለሚያንሸራትት ከሰኔ በፊት መቀየር አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀች ሲሆን፣ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገዶችን፣ መጓጓዣንና መረጃን በስም ጠርቶ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲያገኝ ራምፑን ሜትር ይዞ የሚለካ፣ መንገድ ከኮንትራክተር ሲረከብም በዊልቸር ተቀምጦ የሚሞክር ሰው ነው የጎደለው።

በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ወላጆቼን ከውጭ አገር ለጉብኝት ላመጣ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

በአውሮፕላን ማረፊያ የዊልቸር አገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ማስታወቅ ይገባል። በሞተር የሚሠራ ከባድ ዊልቸር ካላቸው በተራ የቤት መኪና ስለማይጫን ቀላልና ታጣፊ የሆነውን በእጅ የሚገፋ ይዘው ቢመጡ በእጅጉ ይቀልላቸዋል፤ የሞተሩን ማምጣት ግድ ከሆነም የባትሪ መሙያው በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማረፊያ ሲመርጡ «ሊፍት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በርስ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይ ብሎ መጠየቅና ፎቶ ማስላክ ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የልብና የመተንፈሻ ሕመም ላለባቸው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማሳረፍ መልካም ነው።

ገንዘብ ውስን በሆነበት ከተማ ይህ ሁሉ ቅንጦት አይደለም?

ይህ ከልብ የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ ከልብ መመለስ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከጉዞዋ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በእግር የሚደረግባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ለእግረኛ መንገድ የሚወጣ ብር ለጥቂቶች የተደረገ ችሮታ ሳይሆን ለአብዛኛው ነዋሪ የተደረገ ወጪ ነው። ደግሞም ውዱ ነገር ከጅምሩ ማስተካከል ሳይሆን ከተሠራ በኋላ ማፍረስ ነው። የመንገድ ጠርዝ በሚጣልበት ቀን መሻገሪያው ጋ ዝቅ አድርጎ መጣል የሚጨምረው ወጪ እምብዛም ነው፤ ከዓመት በኋላ ለማስተካከል ግን መቆፈሪያ፣ አዲስ ድንጋይና ሌላ ጨረታ ይጠይቃል።

በወጪ ስሌት ውስጥ የማይገባ ሌላም ሒሳብ አለ። አረጋዊ እናቱን ለማመላለስ በየሳምንቱ ከሥራ የሚቀር ልጅ፣ ዓይነ ስውር ወንድሟን ለመምራት ትምህርቷን ያቋረጠች እኅት፣ መድረስ ስላልቻለ ሥራ ያልተቀጠረ ባለ ዲግሪ፣ የእነዚህ ሁሉ ኪሳራ በማንም የበጀት ሰነድ ላይ አይጻፍም፤ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

የእግረኛ መንገዱን የያዙት ጎዳና ላይ የሚነግዱ ሰዎች ይነሡ ማለት ነው?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። ቆሎና ድንች የምትሸጠው እናት ራሷ ብዙ ጊዜ አረጋዊት ናት፤ ልጇ አካል ጉዳተኛ የሆነባትም አለች። እርሷን አባርሮ ለዊልቸር መንገድ መክፈት አንዱን ድኻ ለሌላው ድኻ መሠዋት ይሆናል። በሌላ በኩል ቦታውን ከእርሷ በላይ የሚይዙት በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆሙ መኪኖች፣ የሚቆለል አሸዋና ብረት፣ ከሱቅ የሚወጡ የማሳያ መደርደሪያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ መጀመር ይገባል። ለነጋዴዎቹ ደግሞ ሰፋ ባለው ቦታ ላይ መስመር አስምሮ መስጠት፣ 1.8 ሜትር ያህሉን ነጻ መተላለፊያ ማድረግ ይቻላል። ሰው መስመሩ ለምን እንደተሰመረ ከተነገረው ያከብረዋል።

ችግር ሲያጋጥም ቅሬታ የት ይቀርባል?

ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ፣ የተሰበረ ንጣፍ ወይም የተዘጋ ራምፕ ከሆነ መጀመሪያ ለወረዳው ወይም ለከተማው መንገዶች ባለሥልጣን፣ የመጓጓዣ ቅሬታ ከሆነ ለትራንስፖርት ቢሮው በጽሑፍ ማቅረብ ነው። መልስ ከጠፋ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ይመለከታል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት ይከታተላል። እንደ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ባሉ ማኅበራት በኩል የሚቀርብ ቅሬታ ደግሞ ከአንድ ሰው ደብዳቤ የበለጠ ይሰማል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ቦታው በሚታወቅ ምልክት ይገለጽ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ሜትር አጠገቡ ተደርጎ የተነሣ ፎቶ ይያያዝ። «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ከሚል አንድ ገጽ ይልቅ «የጠርዙ ከፍታ 28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከፊቱ ጤና ጣቢያ አለ» የሚል አንድ መስመር ለመሐንዲሱ የሚሠራበትን ነገር ይሰጠዋል። የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ መያዝ አይረሳ።